«ደፈረሰ»፦ የአንድ ቃል ትርጉምና አገባብ

አማርኛ ሥርዓት ማጣትን የሚገልጽበት ቃል አይቸግረውም። ትርምስ፣ ሁከት፣ ብጥብጥ፣ ነውጥ፣ ውጥንቅጥ፣ ምስቅልቅል፣ ዝብርቅርቅ፣ ዝርክርክ እያልን ብንዘረዝር ዝርዝሩ ቶሎ አያልቅም። ቃላቱ ከመብዛታቸው የተነሣ ግን አንዱን በሌላው ቦታ መተካት የሚቻል እየመሰለን መጥቷል። በተማሪዎች የሂስ ጽሑፍም ሆነ በጋዜጣ ዓምድ «ተመሰቃቀለ»፣ «ተበጠበጠ» እና «ደፈረሰ» አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳላቸው ሆነው ሲገቡ በየጊዜው አያለሁ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል አንዱን፣ «ደፈረሰ»ን፣ ለይቶ በማውጣት ትርጉሙንና አገባቡን ለማሳየት ይሞክራል። የምከራከርለት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደፈረሰ» ከሌሎቹ የሁከት ቃላት ሁሉ የሚለየው ከሁከቱ በፊት የነበረውን ጸጥታ ጭምር እንድንጠይቅ የሚያስገድድ ቃል በመሆኑ ነው።

ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ሥርዓት ማጣትን የሚገልጽ ቃል ሁሉ የጠፋውን ሥርዓት በሆዱ ይዟል። «ዝርክርክ» ስንል ተሰብስቦ መቀመጥ የሚገባው ነገር እንደነበረ እንናገራለን። «ድብልቅልቅ» ስንል ተለያይቶ መኖር የነበረበት ነገር እንደተገናኘ እንናገራለን። «ምስቅልቅል» ደግሞ ዘሩ «መስቀል» ነውና መስመሩን ይዞ መሄድ የሚገባው ነገር እርስ በርሱ እንደተሰናከለ ያሳያል። ስለዚህ ስለ አንድ የሁከት ቃል ስንመረምር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የጠፋው ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት። በ«ደፈረሰ» ውስጥ የጠፋው መሰብሰብም፣ መለያየትም፣ መስመርም አይደለም። የጠፋው ጥራት ነው፤ ማለትም አሻግሮ ለማየት የሚያስችለው የውሃው ንጣት ነው።

1. ቃሉና ርቢው

«ደፈረሰ» ባለ አራት ፊደል ግሥ ነው። እንደ «መሰከረ» እና «ደነገጠ» ሦስተኛው ፊደሉ ይጠብቃል። ደፈረሰ፣ ይደፈርሳል፣ ደፍርሶ፣ መደፍረስ፣ ድፍርስ እያለ ይረባል። አድራጊ ሲኖረው «አ» ይጨመርበትና አደፈረሰ፣ ያደፈርሳል፣ አደፍርሶ፣ ማደፍረስ፣ አደፍራሽ ይሆናል።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚነገረው ስለ ፈሳሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ይደፈርሳል፤ መስከረም ሲጠባ ይጠራል። ከብት የገባበት ኩሬ ይደፈርሳል። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና ድፍርስ ነው። ከፈሳሽ ቀጥሎ ወደ ሰው አካል ይሻገራል፤ እንቅልፍ ያጣ ወይም መጠጥ ያበዛ ሰው ዓይኑ ይደፈርሳል። ከዚያም ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ይገባል፦ ሰላም ደፈረሰ፣ ጸጥታ ደፈረሰ፣ የአካባቢው ጸጥታ በመደፍረሱ ገበያው ተበተነ እንላለን።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ የሰዋስው ነጥብ አለ። በጠበጠ ተበጠበጠ ይላል፤ አመሰ ታመሰ ይላል፤ ናጠም ተናጠ ይላል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ «ተ» የምትባለው ቅጥያ አንድ እጅ እንደነካው ትጠቁማለች፤ በጥባጩ ባይጠራም መኖሩ ይታወቃል። «ደፈረሰ» ግን «ተ» አይሻም። «ተደፈረሰ» የሚል ቅርጽ በተለመደው አነጋገር አይሰማም። ውሃው ራሱ ባለቤት ሆኖ ይደፈርሳል፤ ማን እንደነካው ቃሉ አይነግረንም። አድራጊን ለማስገባት የሚፈልግ ተናጋሪ «አ»ን ጨምሮ «አደፈረሰ» ማለት አለበት። «ጸጥታ ደፈረሰ» የሚለው ስለ ሁኔታ የሚሰጥ ምስክርነት ሲሆን «ጸጥታ አደፈረሱ» የሚለው ግን ክስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ወደ ኋላ እንደምናየው ቀላል አይደለም።

2. ከጓዳ የወጡ የሁከት ቃላት

«ደፈረሰ» ብቻውን አይደለም። ብዙዎቹ የአማርኛ የሁከት ቃላት የወጡት ከማጀት ነው። «ብጥብጥ» የሚለው ስም በሶ ወይም ተልባ በውሃ ከመበጥበጥ የመጣ ነው። «ከተማዋ ታመሰች» ስንል ገብሱ ወይም ሽምብራው በምጣድ ላይ የሚታመስበትን ሁኔታ እናስታውሳለን። «አገሪቱ በተቃውሞ ተናጠች» የሚለው አነጋገርም ወተት ከሚናጥበት ቅል የራቀ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው የአደባባዩን ሁከት ለመግለጽ ቃል ሲሻ በብዙ መልኩ የተዋሰው ከእናቱ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም እነዚህ ሥራዎች በጓዳ ውስጥ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ ቃላቱም አንድ አይደሉም። በጥባጭ ሴት ከውጭ ያመጣችውን ዱቄት በውሃ ላይ ትጨምራለች፤ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በኋላ ዱቄቱን ከውሃው መለየት አይሞከርም። ስለዚህ «ብጥብጥ» የተጨመረ ነገርንና ወደ ነበረበት የማይመለስ ውሕደትን ይጠቁማል። በማመስ ውስጥ የሚጨመር ነገር የለም፤ ከሥር ያለው እሳት ነው እህሉን የሚያዘልለው። በመናጥ ውስጥ ደግሞ ውጤት አለ፤ ቅሉ ለረጅም ጊዜ ቢናጥ ቅቤ ይወጣዋል።

«ደፈረሰ» ከሦስቱም ይለያል። ኩሬው ሲደፈርስ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጭቃ ቀድሞውንም በኩሬው ውስጥ የነበረ ነው። ከታች ተኝቶ ነበር፤ አሁን ተነሣ። በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ወንዝ አፈሩን ከውጭ ያመጣው አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አዎን፣ ነገር ግን ጎርፉ የሚያወርደው አፈር ከዚያው ወንዝ ተፋሰስ፣ ከታረሰውና ከተራቆተው ቁልቁለት የታጠበ ነው። ዓባይ በክረምት ቀለሙ የሚለወጠው የራሱን ደጋ መሬት ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው። በኩሬም ይሁን በወንዝ «ደፈረሰ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ዝቃጩ ከየት እንደመጣ ያስጠይቃል። መልሱም በአብዛኛው «ከራሱ» የሚል ነው።

3. ሰከነ፣ ረጋ፣ ጠራ

የአንድን ቃል ትርጉም ለማወቅ ተቃራኒውን መመልከት ይጠቅማል። የ«ደፈረሰ» ተቃራኒ «ጠራ» ነው። «ጠራ» ከግዕዙ «ጽሩይ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን በአማርኛ ብዙ ልጆች አሉት። «ጥሩ» የምንለው የመልካምነት ስያሜ፣ «ጥራት» የምንለው የዕቃ ደረጃ፣ «ነገሩ ይጥራልን» የምንለው የማብራሪያ ጥያቄ ሁሉ ከዚሁ ይመነጫሉ። መልካምነትን ከጠራ ውሃ የቀዳ ቋንቋ ለድፍርስነት ቀላል ግምት እንደማይሰጥ ግልጽ ነው።

ነገር ግን በ«ደፈረሰ» እና በ«ጠራ» መካከል ሌሎች ሁለት ቃላት አሉ፤ «ሰከነ» እና «ረጋ»። ቡና ከፈላ በኋላ ጀበናው ወርዶ ይሰክናል። ሰውም እንዲሁ ከወጣትነት ግልፍታ ሲወጣ «ሰከነ» ይባላል። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ ከዚሁ «መረጋጋት» ወጥቶ የፖለቲካ ቋንቋችን ዋነኛ ቃል ሆኗል። «አለመረጋጋት» የሚለውም በዜና ውስጥ የ«ሁከት» ለስላሳ ምትክ ነው።

እነዚህን ሦስት ቃላት አለመለየት ብዙ ያሳስታል። የሰከነ ነገር ሁሉ የጠራ አይደለም። የሰከነ ጀበና ዝቃጩን ከታች እንደያዘ ነው፤ ቀጂዋ ከልክ በላይ ካዘነበለችው አተላው ወደ ሲኒው ይወርዳል። ጠላም እንዲሁ ነው። ጥንስሱ ድፍድፍ ሆኖ፣ ውሃ ተጨምሮበት ሲደርስ በመጀመሪያ የሚቀዳው ጉሽ ነው። ጉሹን ማሳደር ያሰክነዋል፤ የሚያጠራው ግን መጥለል ነው፤ ማለት አተላውን ለይቶ ማውጣት። ማስከን ጊዜ ይፈልጋል፤ ማጥራት ሥራ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ አገር «ተረጋጋ» ሲባል የተነገረን ስለ ዝቃጩ ቦታ እንጂ ስለ ዝቃጩ መወገድ አይደለም።

«ጸጥታ» የሚለውም ቃል በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። ጸጥ ያለ ውሃ እንላለን። «ጸጥታ ደፈረሰ» የሚለው አነጋገር ምስሉ የሰመረ የሚሆነው ጸጥታን እንደ ቆመ ውሃ ስለሚያየው ነው። የቆመ ውሃ ግን የግድ ጥሩ ውሃ አይደለም።

4. ማን አደፈረሰው?

በተረቶቻችን ውስጥ ይህንን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው ጅብ ነው። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ ጅብ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ አህያን ይከሳታል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ ከታች ያለ ከላይ ያለውን ሊያደፈርስበት አይችልም። አህያ ግን ክርክሩ የትም እንደማያደርሳት ታውቃለችና «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። ይህ አነጋገር ዛሬ ተረቱን ለማያውቁትም ምሳሌ ሆኖ ይኖራል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ጅብ የመረጠው ግሥ ነው። «ደፈረሰብኝ» ቢል ኖሮ ስለ ውሃው በተናገረ ነበር። «አደፈረስሽብኝ» በማለቱ ግን ፍርዱን በአንዲት «አ» ጨረሰው።

በአደባባይ ቋንቋችን «ጸጥታ አደፍራሽ» የሚለው ስያሜ የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው። ስያሜው የነካውን እጅ ያሳያል፤ ከሥር ያለውን ዝቃጭ ግን ይሸፍናል። አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። ከቅሬታቸው ዋናዎቹ የምግብና የመጠጥ ውሃ ችግር ነበሩ። በየካቲት የአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ መጨመር የተነሣ ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ላይ ተቃውሞ አሰሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ የወሎ ረኀብ ነበረ። እነዚህን ወታደሮች፣ ሾፌሮችና መምህራን «ጸጥታ አደፍራሾች» ማለት ይቻላል። «በዚያ ዓመት ጸጥታ ደፈረሰ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ስለ አንድ ዓመት የተነገሩ ቢሆኑም የታሪክ ጸሐፊ ሁለተኛውን ሲመርጥ ረኀቡን፣ የነዳጁን ዋጋና የወታደሩን ውሃ ለመጠየቅ በር ይከፍታል፤ የመጀመሪያውን ሲመርጥ በሩን ይዘጋል።

በኋላ ዘመን ከዚህ የባሰ ነገር ተከተለ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የኢሕአፓ አባላትና በአባልነት የተጠረጠሩ ሁሉ «አናርኪስት» እየተባሉ ተገደሉ። ቃሉ የውጭ ነው፤ ሥርዓት አልበኛ ለማለት ነው የገባው። ከአማርኛው ቃል ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ያስደነግጣል። «ደፈረሰ» የሚያልፍ ሁኔታ ነው፤ የደፈረሰ ይሰክናል፣ ይጠራልም። «አናርኪስት» ግን የሰው ስም ሆኖ ተለጠፈ፤ በአማርኛ ውስጥ መሸጋገሪያ ግሥ የለውም፣ «ሰከነ» የሚለውን መመለሻም ይዞ አልመጣም። ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ቀርቶ ሰውን የሚሰይም ቃል ሲተካ ሁከቱን የማጥራት ጥያቄ ሰውየውን ወደ ማጥፋት ይለወጣል። የቃላት ምርጫ የሂስ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

5. «ሳይደፈርስ አይጠራም»

ስለ «ደፈረሰ» የሚናገር ጽሑፍ ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም። «ሳይደፈርስ አይጠራም» በሽምግልና ሸንጎ፣ በትዳር ጠብ፣ በአብዮት ክርክርም የሚሰማ አባባል ነው። ትርጉሙ ሁከትን እንደ መልካም ነገር መነሻ ማየት ነው።

በሽምግልና ውስጥ አነጋገሩ የተቃና ነው። ሁለት ወንድማማቾች ስለ ርስት ለዓመታት ሳይነጋገሩ ተኮራርፈው ከኖሩ ሽማግሌው የተዳፈነውን ቂም አውጥተው እንዲናገሩ ያደርጋል። ነገሩ ለጊዜው ይደፈርሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በደል ተለይቶ ካሣ ይቆረጥለታል። እዚህ ላይ መደፍረሱ ጠቃሚ የሆነው ጠላይ ስላለ ነው።

በአደባባይ ግን ምሳሌው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይነገራል። አነጋገሩ «መደፍረስ ያጠራል» አይልም። መደፍረስን እንደ ቅድመ ሁኔታ እንጂ እንደ ምክንያት አያቀርበውም። የደፈረሰ ውሃ ደጋግመው ቢረግጡት ይበልጥ ይደፈርሳል እንጂ አይጠራም። በመደፍረስና በመጥራት መካከል ያሉት መስከንና መጥለል በምሳሌው ውስጥ በስም ባይጠሩም የጓዳውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ያሰላቸዋል። ስለዚህ ደም ከፈሰሰ በኋላ «ሳይደፈርስ አይጠራም» ብሎ የሚያጽናና ተናጋሪ የምሳሌውን ግማሽ ብቻ ነው የተናገረው፤ የሚጠልለው ማን እንደሆነ አልነገረንም።

6. አደፍርስ

ቃሉ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ትልቁን ቦታ ያገኘው በዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ ርእስ ነው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ርእሱ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ነው፤ በሰዋስው ዓይን ሲታይ ግን ትእዛዝ አንቀጽ ነው።

ትእዛዝ አንቀጽን የሰው ስም ማድረግ በአማራው ባህል የቆየ ልማድ ነው። ናደው፣ ጣሰው፣ ደምሰው፣ አሸብር የሚሉ ስሞች ሁሉ ወላጅ ልጁን የሚያዝባቸው ናቸው፤ ጠላትን ናደው፣ የጠላትን ሰፈር አሸብር እንደ ማለት። በዚህ የስም አወጣጥ ውስጥ ሁከት ነቀፋ አይደለም፤ አቅጣጫው ወደ ጠላት እስከሆነ ድረስ ምርቃት ነው። «አደፍርስ»ም ከዚሁ ወገን ነው። ስሙ የነባሩ ባህል ስም መሆኑን አንዘንጋ።

የዳኛቸው ብልሃት ያለው ይህን ነባር ስም የተማረ ወጣት እንዲሸከመው በማድረጉ ላይ ነው። አደፍርስ የገጠሩን ነባር ኑሮ የሚገጥመው በጥያቄና በክርክር ነው። የሚነካው ውሃ የጠላት አይደለም፤ የራሱ ወገን ነው። በዚህ የተነሣ ስሙ ምርቃትነቱን ሳይለቅ ክስም ይሆናል።

ልብ ወለዱ በአጻጻፉ ለአንባቢ አስቸጋሪ ነው እየተባለ ሲነገርለት ኖሯል። ንግግሩ ረጅም ነው፣ ታሪኩ ቀጥ ባለ መስመር አይሄድም፣ የገጸ ባሕርያቱ አነጋገር የየአካባቢውንና የየመደቡን ቃና ይዞ ይመጣል። ተማሪዎች ይህን ለመግለጽ «አወቃቀሩ የተመሰቃቀለ» የሚል ሐረግ ይቀናቸዋል። እኔ «ድፍርስ» ማለትን እመርጣለሁ። «ምስቅልቅል» ካልን ደራሲው መስመሩን ስቷል እያልን ነው። «ድፍርስ» ካልን ግን ከሥር የተኛው፣ ማለት የእምነቱ፣ የመሬቱ፣ የዘር ኩራቱና የአዲሱ ትምህርት ዝቃጭ፣ በንግግር ተነሥቶ አንባቢ አሻግሮ እንዳያይ አድርጎታል እያልን ነው። የመጀመሪያው ስለ ጉድለት የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አሠራር የሚሰጥ መግለጫ ነው። መጽሐፉን የማይወድ ሐያሲም ሁለተኛውን ተቀብሎ መውቀስ ይችላል፤ ለምሳሌ ደራሲው አደፍርሶ ሳያጠራ ተወው ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ወቀሳ ቢያንስ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ወቀሳ ይሆናል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ለአጠቃቀም በሚመች መንገድ ላሰባስበው። ከውጭ ገብቶ የተዋሐደና የማይለይ ነገር ሲኖር «ብጥብጥ» እንበል። መስመሩን የሳተ ነገር ሲገጥመን «ምስቅልቅል» እንበል። ሰብሳቢ ያጣውን «ዝርክርክ» እንበል። «ደፈረሰ»ን የምንጠራው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ይሁን፦ አስቀድሞ ጸጥታ ሲኖር፣ በዚያ ጸጥታ ሥር የተኛ ነገር ሲኖር፣ እና የተነሣው ነገር እይታን ሲከልል። «አደፈረሰ» ለማለት ስንነሣ ደግሞ የጅቡን ተረት እናስታውስ፤ ከሳሹ ከወንዙ ላይ ነው ወይስ ከታች ብለን እንጠይቅ።

ይህን ማለቴ ለቃላት ንጽሕና በመቆርቆር ብቻ አይደለም። «ጸጥታው ደፈረሰ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በደንብ የሚያነብ ተማሪ ከሥር የነበረው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። «ጸጥታው ተመለሰ» የሚለውን ሲያነብም ሰከነ ወይስ ጠራ ብሎ ይጠይቃል። ቋንቋው ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ ለይቶ መጠቀም የእኛ ፈንታ ነው።